በብየዳ ቤት የተሠራ የማይክ ስታንድ ሰው ላይ ቢወድቅ ኃላፊው ማን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ድሬዳዋ የሚኖር አንድ ወጣት የድምፅ ባለሙያ ሐረር ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ፣ ግቢ ላይ የሚካሄድ ዚክሪ (በከበሮ የሚታጀብ መንፈሳዊ ዜማ) እንዲቀዳ ሥራ አግኝቷል። እንዲህ ይላል፦ «4 ሜትር የሚረዝም ስታንድ ሰፈሬ ካለ ብየዳ ቤት አሠርቻለሁ። ሦስቱ እግሮች ከመሃል ግማሽ ሜትር ይዘረጋሉ። ሁሉም ተደምሮ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጫፉ ላይ ሁለት ማይክ ከነንፋስ መከላከያቸው ይሰቀላሉ። ግቢው በሰው ይሞላል። ችግር አለው ወይ? ቢወድቅስ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፣ በያጁ ነው ወይስ ሥራውን የሰጠኝ ስቱዲዮ? ደግሞ ጓደኞቼ እንዳከራያቸው እየጠየቁኝ ነው።»

ወንድሜ፣ ሁለታችንም የድሬ ልጆች ነንና «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ። ስታንዱ አሁን ባለበት ሁኔታ ወደ ሐረር አይሂድ። ከጥቂት ለውጥ በኋላ ግን ይሄዳል፤ ለውጡም ብዙ ብር አይፈልግም። የኃላፊነቱን ነገር ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ ምክንያቱም ሕግ ፊት የምትቆምበትን ቦታ የሚወስነው በአብዛኛው ስታንዱ ከመቆሙ በፊት ያደረግከው ነው።

በመጀመሪያ ስታንዱ ምን ያህል ጉልበት እንደሚችል እናስላ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ቀለል ይላል፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ለሂሳብ ይመቻል። ነፋሱ በሰከንድ የሚሄደውን ሜትር በራሱ አባዝተህ ለሁለት ስታካፍል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ኒውተን እንደሚገፋ ታገኛለህ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ድንገት የሚነሳውን ነፋስ በሰከንድ 15 ሜትር እንበለው፤ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ግፊቱ በካሬ ሜትር 112 ኒውተን ይሆናል። ሁለቱ ፀጉራም የንፋስ መከላከያዎች ተደምረው 0.1 ካሬ ሜትር ያህል ፊት አላቸው፤ ስለዚህ 11 ኒውተን ጫፉን ይገፋል። ይህ በ4 ሜትር ቁመት ሲባዛ 45 ኒውተን ሜትር የመገልበጥ ጉልበት ነው። ቱቦው ራሱም ነፋስ ይይዛል፤ ባለ 3 ሳንቲ ቱቦ ከሆነ፣ ክብ ቅርጹ ግፊቱን 1.2 እጥፍ ስለሚያደርገው፣ ሌላ 32 ይጨምራል። ድምር 77።

አሁን ወደ እግሩ እንምጣ። አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እግሩ ከመሃል 50 ሳንቲ ተዘረጋ ማለት ስታንዱ በ50 ሳንቲ ይደገፋል ማለት አይደለም። ባለ ሦስት እግር ነገር የሚገለበጠው በሁለት እግሮች መካከል ባለው መስመር ላይ ዞሮ ነው፤ ያ መስመር ከመሃል ያለው ርቀት ደግሞ የእግሩ ግማሽ፣ ማለትም 25 ሳንቲ ብቻ ነው። የ8 ኪሎ ክብደት (አንድ ኪሎ ወደ 10 ኒውተን ነው) በ25 ሳንቲ ሲባዛ 20 ኒውተን ሜትር አይሞላም። 77 የሚገፋህን በ20 ልትይዝ ነው። እንኳን 54፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስም ይጥለዋል። ስታንዱ ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ደህና መስሎህ ነበር፤ አልፈርድብህም፣ እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

እዚህ ላይ እኔ ልጠይቅህ፦ 4 ሜትር ለምን አስፈለገህ? ዚክሪው ላይ ሰዉ ተቀምጦ ነው የሚያዜመው፤ ከረቡ (ከበሮ) መቺዎቹ ከፊት፣ ተቀባዮቹ ከኋላ ይሆናሉ። ማይክ ከፍ የሚደረገው የፊቱ ድምፅ የኋላውን እንዳይውጠው ነው። እንለካው። የፊተኛው ሰው ከስታንዱ ሥር 1.5 ሜትር፣ የኋለኛው 6 ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠዋል እንበል፤ አፋቸው ከመሬት 1 ሜትር ነው። ማይኩ 2.2 ሜትር ላይ ቢሆን የፊተኛው ከኋለኛው በ10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይበልጣል። 3 ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 8 ይወርዳል፤ 4 ሜትር ላይ 6 ይሆናል። ስለዚህ ከ3 ወደ 4 ሜትር ስትወጣ የምታተርፈው 2 ዴሲቤል ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን መቺዎቹን በትሕትና ጠይቀህ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ብታስጠጋቸው ታገኘዋለህ። በሌላ በኩል ከ4 ወደ 3 ሜትር ስትወርድ የነፋሱ የመገልበጥ ጉልበት ከ77 ወደ 52 ይወርዳል። ለኔ ይህ ምርጫ እንኳን አይደለም፤ አንድ ሜትሯን ቆርጠህ ጣላት። የተቆረጠው ቱቦም ለእግር ማስረዘሚያ ይሆንሃል።

እግሩን 90 ሳንቲ አድርገው። ያኔ መገልበጫው መስመር ከመሃል 45 ሳንቲ ይርቃል። ቀጥሎ ክብደት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ቢጫውን ጀሪካን የሚያህል የለም። ባለ 20 ሊትሩ በውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ባዶውን በባጃጅ ተጭኖ ይሄዳል፣ ሐረር ስትደርስ ትሞላዋለህ። አሸዋ ከፈለግህ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን አሸዋ 16 ኪሎ ይጠጋል፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደግሞ ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም። ስታንዱ 8፣ ጀሪካኑ 20፣ በድምሩ 28 ኪሎ፤ በ45 ሳንቲ ሲባዛ 123 ኒውተን ሜትር። በ3 ሜትር ቁመት ከሚመጣው 52 ጋር ስታስተያየው ከእጥፍ በላይ ነው። እኔ ሰው ባለበት ቦታ ከእጥፍ በታች አልቀበልም።

የጀሪካኑ አቀማመጥ ላይ ግን ሁለት ስህተት ሁልጊዜ አያለሁ። አንደኛው ክብደቱን በገመድ አንጠልጥሎ ታቹ መሬት እንዲነካ ማድረግ ነው። መሬት ላይ ያረፈ ክብደት ስታንዱን አይጫነውም፣ መሬቱን ነው የሚጫነው፤ ስታንዱ መጋደል ሲጀምር ብቻ «አለሁ» ይላል፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ሁለተኛው ጆንያውን አንድ እግር ላይ ብቻ መጣል ነው። አንድ እግር ላይ ያረፈ ክብደት ስታንዱ ከዚያ እግር በተቃራኒ እንዳይወድቅ በደንብ ይረዳል፤ ያ እግር ባለበት ጎን ለሚመጣው ውድቀት ግን ምንም አይፈይድም። በያጁ ሦስቱን እግሮች የሚያያይዝ የላሜራ መቀመጫ ከታች ይበይድልህ፤ ጀሪካኑ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ በላስቲክ ገመድም ይታሰር። የማይኩ ዘንግ ወደ ጎን የሚወጣ ክንድ ካለው ደግሞ ክንዱ በአንዱ እግር አቅጣጫ በትክክል ይዋል። በሁለት እግሮች መካከል ከዋለ በጣም በቀረበው የመውደቂያ መስመር ላይ ራስህ ጭነት ጨመርክ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ብለን ነፋስን ብናሸንፍም ትልቁ ጠላት ነፋስ አይደለም፤ ሰው ነው። አንድ አዋቂ ደክሞት ቱቦው ላይ ደገፍ ቢል፣ ከመሬት 1.2 ሜትር ላይ 10 ኪሎ ያህል ቢገፋ፣ 118 ኒውተን ሜትር ይሆናል። 123 ነው ያለን። አየህ፣ አንድ ሰው ሲደገፍ ሁሉም ነገር አለቀ። ልጆች ደግሞ ቱቦ ሲያዩ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ እግሮቹ በሚያርፉበት ክብ ውስጥ ሰው እንዳይገባ ማድረግ አለብህ። ገመድ ዘርግቶ «አትለፉ» ማለት በእንግድነት በገባህበት ግቢ አያምርም። እኔ የማደርገው የራሴን ዕቃ ሣጥንና ወንበሬን ስታንዱ ሥር አድርጌ እዚያው መቀመጥ ነው፤ በሌላው ጎን ረዳቴ ይቀመጣል። ሰው የተቀመጠበትን ቦታ ሰው አይረግጥም። ረዳት የለኝም ካልክ ሥራው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም ማለት ነው፤ ዋጋህን ስትነግር የሁለት ሰው ንገራቸው።

ገመዱንም (ኬብሉን ማለቴ ነው) ከጫፍ ወደ ታች ቱቦውን ተከትሎ አውርደውና እግሩ ሥር፣ መሬት ደረጃ ላይ እሰረው። አንድ ሰው ቢረግጠውና ቢስበው ጉልበቱ በእግሩ በኩል ይሄዳል እንጂ ስታንዱን አይጥልም። ወገብ ከፍታ ላይ ታስሮ የተሳበ ኬብል ግን ዛፍ መጣያ ገመድ ነው።

አሁን ወደ ጫፉ። ይህን የምነግርህ ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከዚራ ሰፈር በአንድ ሠርግ ላይ በራሴ ስታንድ ሁለት ማይክ አቁሜ ነበር። ከቱቦው ጫፍ ላይ ዳዶ አስበይጄ የማይክ ባሩን (ሁለቱን ማይኮች የሚይዘውን አግዳሚ) በብሎን አሰርኩበት፤ ገባ፣ ጠበቀ፣ ደስ አለኝ። የማይክ ዕቃ ብሎን 3/8 ኢንች ነው፣ ማለትም 9.5 ሚሊ። ዳዶው የ10 ሚሊ ነበር። የጥርሳቸው ርቀትም ይቀራረባል፣ አንዱ 1.59 ሌላው 1.5 ሚሊ፤ ስለዚህ ጥቂት ዙር ይገባና ይነክሳል። ጠብቆ ይመስላል እንጂ የያዘው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው። የሠርጉ ስፒከር ሁለት ሰዓት ሲያንቀጠቅጠው ባሩ ከነማይኮቹ ተነቅሎ አንድ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሰው አልተነካም፤ እኔም ማታውን አልተኛሁም። ስለዚህ በያጁን «ገብቷል» ሲልህ አትመነው። የሚገዛ 3/8 ወይም 5/8 ኢንች ብሎን ይዘህ ሂድ፤ ዳዶውም ከሱ ጋር የተገዛ ይሁን። ብሎኑን በጣትህ ይዘህ ጎንና ጎን ነቅንቀው፤ ከተንቀሳቀሰ ትክክለኛው ዳዶ አይደለም። ቶርኖ ቤት ካስቆረጥክም በናሙና አስቆርጥ እንጂ በቃል አትንገር።

ከዚያ በኋላም ጫፉ ላይ ያለው ሁሉ ሁለተኛ መያዣ ይኑረው። 2 ኪሎ ነገር ከ3 ሜትር ወርዶ የተቀመጠ ሰው ራስ ጋ ሲደርስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። የሞተር ሳይክል የፍሬን ሽቦ ገዝተህ፣ ባሩንና የእያንዳንዱን ማይክ መያዣ ከቱቦው ጋር አስተሳስረው፤ በጣም አጭር አድርገው፣ ሲወድቅ አንድ መዳፍ ያህል እንኳን እንዳይወርድ። የጫማ ማሰሪያና የሸማ ክር ለዚህ አይሆኑም። የንፋስ መከላከያው ሽፋንም ይታሰር፤ ክብደት ባይኖረውም ሲወድቅ ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ስታንዱን ይገፋል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ቱቦላሬም ሆነ የውሃ ቱቦ ይሆናል። ጋልቫናይዝድ ከሆነ የሚበየድበት ቦታ ላይ ያለው ዚንክ መፋቅ አለበት፤ ጭሱ በያጁን በትኩሳት ይጥለዋል፣ ብየዳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ነጩን የፕላስቲክ ቱቦ ለቁም ስታንድ እርሳው፤ ድሬ ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል፣ ዓመት ሲቆይም ይሰባበራል። አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ቢያንስ 30 ሳንቲ ይደራረቡ፤ በማጥበቂያ ቁልፍ ብቻ አትታመን፣ ሁለቱንም የሚያልፍ ብሎን ይግባበት። የእግሮቹ ጫፍ ላይ የክራንች ላስቲክ አድርግ፤ ወለሉን አይቧጭርም፣ የሰውን እርምጃም ወደ ማይኩ አያሳልፍም። በነገራችን ላይ ባዶ ቱቦ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ጠቅጥቅበት። ይህ ከደኅንነት ጋር አይገናኝም፣ ግን ቀረጻህን ያድንልሃል።

ነገር ግን ሞት የሚመጣው ከመውደቅ ብቻ አይደለም። የጁገል መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው፤ የመብራት ሽቦም ብዙ ቦታ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ከትራንስፎርመር ወዲህ ያለው 220 እና 380 ቮልት ነው፤ ከትራንስፎርመር ወዲያ ያለው የማከፋፈያ መስመር ግን 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ነው፣ እሱን ለመንካት እንኳ አያስፈልግም፣ መቅረብ ይበቃል። ስታንዱን አቁመህ አትጓዝ፤ አጥፈህ፣ አግድመህ ግባ። የቆመበት ቦታ ከማንኛውም ሽቦ ቢያንስ የስታንዱን ቁመት አንድ ተኩል ያህል ይራቅ፤ ቢወድቅ እንኳን እንዳይደርስ። መብረቅም አለ። ብልጭታ አይተህ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከመጣ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ስታንዱን አውርድ፣ የጆሮ ማዳመጫህንም አውልቅ። ባለቤቶቹ «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» ይሉሃል። ይለፍ፣ ከዚያ ትተክላለህ።

ስታንዱን በሦስት ገመድ ወጥሮ ማቆም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጁገል ውስጥ ግን ችግር አለው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት፣ አሮጌ አግዳሚ እንጨት ላይ ገመድ ማሰር የማይታሰብ ነው። ቅርሱ ባይሆን እንኳን ግድግዳው ምን ያህል እንደሚችል አታውቅም። ገመድ ከወጠርክም ሌሊት የሰው አንገትና እግር ላይ ነው የሚያርፈው። በከባድ ክብደት መቆም ይሻላል። ግቢው እጅግ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ስታንዱን ተወውና ረዳትህ በእጁ የሚይዘውን የዘንግ ማይክ ተጠቀም። የሐረሩን የሸዋሊድ በዓል ወይም የታኅሣሥ 19ኙን የቁልቢ ንግሥ ለመቅዳት ካሰብክማ ቁም ስታንድ ጭራሽ አታምጣ፤ የሚጎርፍ ሕዝብ መሃል 90 ሳንቲ እግር የሚዘረጋበት ቦታ የለም።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚለውን ክፍል ስታነብ የአንተ ጉዳይ በብዙ አንቀጽ ይነካል። አንቀጽ 2028 መሠረቱ ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል ይላል። ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። አንቀጽ 2031 ደግሞ የሙያ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል፤ አንተ ገንዘብ ተቀብለህ የምትቀዳ ባለሙያ ነህና መለኪያህ መንገደኛ ሰው አይደለም። «ነፋስ ነው የጣለው» የምትለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይዳከማል፤ ነፋስ እንደሚነፍስ ባለሙያ ያውቃል። ይህን ካነበብክ በኋላ ደግሞ «አላወቅሁም» ማለትህ የበለጠ ያስቸግርሃል። ከዚህ አልፎ አንቀጽ 2067 በድርጊቱ በሰው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ሊጠየቅ የሚችልበትን መንገድ ይከፍታል። ተጎጂው ራሱ ካጠፋ፣ ለምሳሌ ስትከለክለው ቱቦው ላይ ከተንጠለጠለ፣ በአንቀጽ 2098 መሠረት ካሳው ይቀነሳል፤ ሰውን ከስታንዱ ማራቅህን የሚመሰክርልህ ግን ሊኖር ይገባል። ካሳ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ አንቀጽ 2143። እና ነገሩ በካሳ ብቻ ላያበቃ ይችላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን፣ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን ይቀጣል።

በያጁስ? አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውል። ስታንዱን የነደፍከው አንተ ነህ፤ «እግሩ ግማሽ ሜትር ይሁን» ያልከው አንተ ነህ። በያጁ ያዘዝከውን ነው የሠራው። ደግሞ አንቀጹ በተለመደ ፍተሻ ሊታይ የሚችል ጉድለት ሠሪውን አያስጠይቅም ይላል። ብየዳው ተሰንጥቆ ዓይን እያየው ተጠቅመህበት ከሆነ ወደሱ ጣት ለመቀሰር አትችልም። እንደኔ እንደኔ በያጁ ላይ ተስፋ አታድርግ። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ከላይ ያማረ ብየዳ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለዚያ ግን ደረሰኙን ያዝ።

ስቱዲዮው ላይ ያለው ጥያቄ የሚፈታው በአንድ ነገር ነው፦ አንተ ተቀጣሪ ነህ ወይስ በራስህ የምትሠራ? ደመወዝተኛ ሆነህ ሥራህን ስትሠራ ለደረሰ ጉዳት ቀጣሪው ይጠየቃል፣ አንቀጽ 2130። በውል ሥራውን የወሰድክ፣ በራስህ ዕቃና በራስህ ውሳኔ የምትሠራ ከሆንክ ግን አንቀጽ 2134 አሠሪውን ነፃ ያወጣዋል፤ ብቻህን ትቀራለህ። በራስህ ስታንድ ሄደህ በራስህ ሐሳብ የተከልከው ከሆነ ሁለተኛው ላይ ነህ ብዬ እገምታለሁ። ውልህ ላይ ማን መሣሪያ እንደሚያቀርብ በግልጽ ይጻፍ። ግቢ በር ላይ «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» ብለህ የምትለጥፈው ወረቀት ደግሞ ወረቀት ነው። ከአንተ ጋር ውል ያልገባ እንግዳ፣ ልጅ አዝላ የመጣች እናት፣ ምንም አልፈረሙም።

የሚጠቅምህ ሌላ ዓይነት ወረቀት ነው። ስታንዱን ከማጓጓዝህ በፊት ፈትነው። ሥጋ ቤት የሚንጠለጠል ዓይነት የስፕሪንግ ሚዛን አምጣ፣ ጀሪካኑን ሞልተህ ስታንዱን አቁም፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ገመድ አስረህ በሚዛኑ በኩል በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው አቅጣጫ አግድም ሳብ። ሦስተኛው እግር ከመሬት ሲነሳ ሚዛኑ ስንት እንዳለ አንብብ። በላይ ባሰላነው መሠረት ወደ 8 ኪሎ መሆን አለበት፤ ከ7 በታች ከሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል፣ ክብደት ጨምር። በሦስቱም አቅጣጫ ድገመው። ፎቶ አንሳ፣ ቀኑንና ንባቡን ደብተርህ ላይ ጻፍ። ሥራው ቦታ ላይም ተክለህ ስትጨርስ ሥሩን፣ ጫፉን፣ ጀሪካኑን ፎቶ አንሳ። ነገር ከመጣ በዳኛው ፊት የሚቆመው «ጠንካራ ነበር» የሚለው ቃልህ ሳይሆን ይህ ደብተር ነው።

ኢንሹራንስ የሕዝብ ኃላፊነት ዋስትና የሚባል ይሸጣል። ስትገባ ስታንዱ በብየዳ ቤት የተሠራ መሆኑን ተናገር። ዋጋው ከፍ ይል ይሆናል ብለህ ብትደብቅ፣ ክፍያ በጠየቅክ ቀን ያ ዝምታ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ይሆናል።

ለጓደኞችህ ማከራየቱን በግልጽ እምቢ በል። እስካሁን አንተ ስታንዱን የሚያውቅ፣ ሥሩ የሚቀመጥ ሰው ነህ። ባከራየህ ቀን ጀሪካን ሳይሞላ የሚያቆመው፣ ክንዱን በሁለት እግር መካከል የሚያውለው ሌላ ሰው ነው። ዕቃ ሠርተህ በገንዘብ ለሌሎች ማቅረብ ስትጀምርም ራስህን ከአንቀጽ 2085 አጠገብ አቆምከው፤ ለበያጁ ያልነው ሁሉ ላንተ ይሆናል። ጓደኛህ ከቸገረው አንተው ይዘኸው ሂድ፣ የቀን አበልህን ይክፈልህ።

ስታንዱን አሳጥረህ፣ እግሩን አስረዝመህ፣ መቀመጫውን ካስበየድክ በኋላ ሚዛኑ በሦስቱ አቅጣጫ ስንት ስንት እንዳነበበ ጻፍልኝ። ሦስቱ ቁጥሮች በጣም ከተለያዩ አንዱ እግር ከሌሎቹ አጥሯል ማለት ነውና እሱን አስተካክለን ነው የምንቀጥለው።